የተሳቢ ባትሪ አልሞላ ሲል

በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢ ላይ ያለው የመድኃኒት መርጫ ፓምፕ ባትሪ ሲደክም፣ ማኅበሩ አዲስ ከመግዛቱ በፊት መሥመሩን እንዲያስመረምር እንመክራለን። ባዶውን የሰነበተ ባትሪ ይበላሻልና ምርመራው አይዘግይ።

1ኛ/ ሞተሩ እየሠራ የመኪናው ባትሪ ይለካ፤ ከ13.5 ቮልት በታች ካሳየ ዲናሞውና ቺንጋው ይታዩ።

2ኛ/ ተሳቢው እንደተያያዘ የራሱ ባትሪ ይለካ። ከመኪናው ባትሪ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ፊውዙ ይታይ፤ ስፒናውና የኔጋቲቩ ማሰሪያ ከዝገት ይጽዱ።

3ኛ/ የሽቦው ውፍረት ይታይ። ርቀቱ 8 ሜትር ሲሆን፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 10 አምፔር ሲያሳልፍ በደርሶ መልስ ወደ 1.1 ቮልት ይባክናል፤ በ10 ካሬ ሚሊሜትር ግን ወደ 0.3 ብቻ።

መሥመሩ ደህና ሆኖ ባትሪው ኃይል ካልያዘ፣ ያን ጊዜ ይለወጥ።