ስለ ወፍራም ድምፅ ፤ ሳብዉፈር መጨመር ይገባልን?

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ለቤታችን ማጫወቻ ሳብዉፈር ለመግዛት አሳብ አቀረበ። ገንዘቡን ብዙ ወራት ሲያጠራቅም ቆይቶ ነበር። እናታችን ግን «ከበታቻችን አራስ አለች ፤ ደግሞስ ያለው ድምፅ ምን ጎደለው?» ብላ ተቃወመች። እኔ ፊዚክስ የምማር ስለ ሆንሁ ጉዳዩን እንድመረምር ተተወልኝ። ያገኘሁትንም ከዚህ ቀጥዬ እጽፋለሁ።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። አየሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበት ቁጥር ድግግሞሽ ይባላል ፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል ፤ ሲበዛ ይቀጥናል። የጤናማ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያህል ይሰማል። የቤዝ ጊታር ከሁሉ የወፈረው ክር 41 ኸርዝ ያህል ነው ፤ የፒያኖ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ ደግሞ 27.5 ኸርዝ ነው።

ስፒከር ድምፅ የሚሰጠው ፊቱ ላይ ያለው ክብ ሽፋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ አየሩን ሲገፋ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። 80 ኸርዝን በሚያሰማበት ኃይል 40 ኸርዝን ለማሰማት ያው ሽፋን አራት እጥፍ ርቀት መመላለስ አለበት ፤ ለ20 ኸርዝ ደግሞ ዐሥራ ስድስት እጥፍ። ትንሽ ስፒከር ይህን ያህል ቦታ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ወፍራሙን ይተወዋል። ሳብዉፈር የተባለው መሣሪያ ሰፊ ሽፋንና ብዙውን ጊዜ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሆኖ ይህን የተተወውን ሥራ ብቻ ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ወንድሜ ደስ ብሎት ሰማኝ። ነገር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የቀድሞው የሽቦ ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 ኸርዝ በታች ነው። ይህም ሆኖ አጎታችን ሲደውሉ ወፍራም ድምፃቸውን ለይተን እናውቀው ነበር! ምክንያቱም ማናቸውም እንዲህ ያለ ድምፅ ከመሠረቱ በላይ ሁለት እጥፍ ፥ ሦስት እጥፍ ፥ አራት እጥፍ የሆኑ ድምፆችን ይዞ ይመጣል ፤ አእምሮአችንም እነዚህን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። እናታችን በጾም ወራት የምታዳምጠው በገናም እንዲሁ ነው። ክሮቹ ከእንዝራው ጋር እየተነካኩ በሚሰጡት ዝዝታ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ስላሉ በትንሽ ስፒከርም ይማርካል። «ምን ጎደለው?» ማለቷ እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም። አእምሮ ሊሞላው የማይችለው ደረት ላይ የሚሰማውን ንዝረት ነው ፤ ወንድሜ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነበር።

ክርክሩ በቃል ስላላለቀ ከአንድ ወዳጃችን ሳብዉፈር ተዋስን። ሳሎናችን ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛልና የ43 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ይሆናል ፤ ይኸውም ልክ የሳሎኑ ሁለት እጥፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ሞገዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይቆማል ፤ ግድግዳው አጠገብ ይበረታል ፤ መካከል ላይ ይደክማል። በስልኬ 43 ኸርዝ አሰማሁ። ወንድሜ ሶፋው ካለበት ከመካከሉ ሆኖ «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል!» አለ። እኔ ደግሞ ግድግዳው ሥር ጆሮዬን ይዤ ቆሜአለሁ።

ለዚህ ችግር አንድ ዘዴ አለ ፤ ሲያዩት ግን ያስቃል። ሳብዉፈሩን ከምንቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጦ ዘፈን እያሰሙ በወለሉ ላይ በዳዴ መዞር ነው። ድምፁ ጥርት ብሎና እኩል ሆኖ የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ይሆናል ፤ የድምፁ ምንጭና ሰሚው ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥምና። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ከየት እንደ መጣ ጆሮ በደንብ ስለማይለይ ጥግ ቢገባም አያስነውርም። እናታችን የተማረ ልጇን በዳዴ ሲሄድ ባየች ጊዜ የተናገረችውን አልጽፍም።

የቀረው የአራሷ ነገር ነበር። ግድግዳና ወለል ቀጭኑን ድምፅ አብልጠው ያግዳሉ ፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፋሉ። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር ፤ ቢሆንም አስፈቅጄ ወደ ታች ወረድሁ። ወንድሜ ከላይ ዘፈን ሲከፍት ዘፋኙም ክራሩም አልተሰሙኝም። ከጣራው የመጣው ድው ፥ ድው የሚል ብቻ ነው። አራሷ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ «አንተ ልጅ ፤ ይህ ነገር በየቀኑ ሊሆን ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የራሱ ግቢ ላለው ፥ ይልቁንም ፊልም ለሚወድ ሰው ሳብዉፈር መጨመር ተገቢ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 «የመሬት መንቀጥቀጥ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲታይ በሲኒማ ቤቶች ውስጥ ትላልቅ የወፍራም ድምፅ መሣሪያዎች ተተክለው ወንበሩን ሁሉ ያንቀጠቅጡ ነበር ፤ ዛሬም በብዙ ፊልሞች ለዚህ ዓይነት ድምፅ የተለየ መሥመር ይመደባል። ለእኛ ቤት ግን አልፈረድሁለትም። በምትኩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቀው የነበሩትን ስፒከሮች አስጠጋናቸው ፤ ግድግዳው ወፍራሙን ድምፅ ወደ ሳሎኑ እየመለሰ ያበረታዋልና። ሶፋውንም ከመካከል አንሥተን ወደ ኋላ ገፋነው። ድምፁ እንደ ሳብዉፈሩ ደረት አይመታም ፤ ከበፊቱ ግን መሻሻሉን ወንድሜም አልካደም።

የተዋስነውን በማግስቱ መለስን። ወንድሜ ገንዘቡን አላወጣውም ፤ አሳቡንም አልተወም። ግቢ ያለው ቤት ስንከራይ የሳሎኑን ርዝመት አስቀድሜ እንድለካለት አስጠንቅቆኛል።