ከማጅስትሬት ዳኛ የሚመጡ ሁለት ወረቀቶች

አሜሪካ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያዎን ያስቀረብዎትን አሠሪ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከከሰሱ፣ በመዝገቡ ላይ የሁለት ዳኞች ስም ሊያዩ ይችላሉ። አንዱ ፕሬዚዳንቱ ሾሞት ሴኔቱ ያጸደቀው የወረዳ ዳኛ ነው። ሌላው ማጅስትሬት ዳኛ ሲሆን የሚሾሙት የዚያው ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው፤ የሙሉ ጊዜ ከሆነ ዘመኑ 8 ዓመት ነው። በወንጀል ጉዳይ የብርበራና የመያዣ ትእዛዝ ይሰጣል፤ የተያዘ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ዘንድ ነው። በእርስዎ ዓይነት የፍትሐ ብሔር ክርክር ደግሞ የማስረጃ ልውውጡን ይመራል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ የሚቀመጠው እሱ ነው።

ጠበቃ ሳይዙ የሚከራከሩ ከሆነ ሁለት ወረቀቶችን በጥንቃቄ ያንብቡ።

የመጀመሪያው የስምምነት ቅጽ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ሁለቱም ከፈረሙ ማጅስትሬት ዳኛው ጉዳዩን እስከ ፍርድ ያየዋል፤ ጁሪ የማግኘት መብት ካለዎት አያጡትም፣ ይግባኙም በቀጥታ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አልፈርምም ማለት መብትዎ ነው፣ በዚህ የተነሳ አይጎዱም። እኔ ግን ፈጥነው እምቢ እንዳይሉ እመክራለሁ። የወረዳ ዳኞች ቅድሚያ የሚሰጣቸው የወንጀል ችሎቶች ስላሉባቸው የፍትሐ ብሔር ቀጠሮ ሊገፋ ይችላል። አንዴ ከፈረሙ በኋላ መመለስ ግን ከባድ ነውና አስበው ይወስኑ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። ስምምነት ከሌለ ማጅስትሬት ዳኛው ክሱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ የመጨረሻ ቃል የለውም፤ የውሳኔ ሐሳብ ጽፎ ለወረዳ ዳኛው ያቀርባል። ግልባጩ ከደረሰዎ በ14 ቀን ውስጥ ተቃውሞዎን በጽሑፍ ማስገባት አለብዎት። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ ወሳኙ የላኩበት ቀን ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የደረሰበት ቀን ነው። ዝም ካሉ ብዙ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በኋላ አይሰሙዎትም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1985 ይህ አሠራር ይፈቀዳል ብሏል።

ተቃውሞው «ፍርዱ ትክክል አይደለም» ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። «ገጽ 6 ላይ ከጁላይ በኋላ መሥራቴን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ተብሏል፤ ያያያዝኩት የሰዓት መዝገብ ግን እስከ ሴፕቴምበር መሥራቴን ያሳያል» ብለው ቦታውን ይጠቁሙ። የወረዳ ዳኛው በትክክል የተቃወሙትን ነጥብ እንደ አዲስ የመመርመር ግዴታ አለበት።

ለችሎት ሲጠሩ ደግሞ ስለ አስተርጓሚ አስቀድመው ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። በግለሰቦች መካከል ባለ የፍትሐ ብሔር ክርክር ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አስተርጓሚ አያቀርብም፤ ወጪው የእርስዎ ሊሆን ይችላል።