ያልተጠየቀው በሽተኛ

ለመሆኑ ሐኪም ለበሽተኛው የመጀመሪያ የሚሰጠው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን መድኃኒት እንላለን። እኔ ግን ጆሮውን ነው እላለሁ። ማዳመጥ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ራሱ ሕክምና ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 74 የሐኪምና የበሽተኛ ንግግሮችን መርምረው ነበር። የመጡበትን ጉዳይ ተናግረው የጨረሱት 23 በመቶው ብቻ ነበሩ። የተቋረጡት ደግሞ በአማካይ ገና በ18 ሴኮንዳቸው ነው። በእኛ ዘንድ የሰልፉ ርዝመትና ሐኪም ፊት ማፈር ይታከልበታል። “ገባህ?” ስንባል ሳይገባን “አዎ ዶክተር” ብለን እንወጣለን።

ጉዳቱን ለመረዳት ረመዷንን እንመልከት። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት “ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት” ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላቸው እንበል። ይጾሙ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። እርሳቸውም “አትጹሚ እባላለሁ” ብለው ዝም አሉ። እንግዲህ ወይ መድኃኒቱን ያቋርጣሉ፣ ወይም ጠዋት ወስደው ሳይበሉ ይውላሉ። እንደ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ያሉት ደግሞ ያለ ምግብ ሲወሰዱ የደም ስኳርን ከልክ በታች አውርደው ራስን እስከ ማሳት ይደርሳሉ። መድኃኒቱ ትክክለኛ ነበር፤ የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ረመዷን ሳይገባ “ለመጾም አስበዋል?” ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳይቆጣ ይስማ። የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ከስሑርና ከኢፍጣር ጋር ሊስማማ የሚችል ከሆነ ያስተካክል። መጾሙ አደገኛ ከሆነም ምክንያቱን በሚገባ ቋንቋ ያስረዳ። በመጨረሻም “ገባዎት?” ከማለት ይልቅ “ቤትዎ ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ” ይበል። የተሳሳተው ነገር ያኔ እዚያው ይታረማል።

በእኛም በኩል ኃላፊነት አለብን። መድኃኒቶቻችንን ይዘን፣ ጥያቄያችንን በወረቀት ጽፈን እንሂድ። ሰዓቱን በራሳችን አንቀያይር፤ መጾማችንንም አንደብቅ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ለበሽተኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ሕመሙ የማይለቀው ሰው ስለ ፊድያ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

“ሐኪሞች ጊዜ የላቸውም” ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል። ይሁንና አንዲት ጥያቄ የምትወስደው ጊዜ፣ ራሱን ስቶ በሌሊት የመጣን በሽተኛ ለማዳን ከሚፈጀው ጊዜ ጋር አይወዳደርም።