ማኅበርን መትከልና ማጽናት



በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ተወልዶ ያደገ ሰው ማኅበር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። ልጅ ሳለ እናቱ ለጽዋው ጠላ ስትጠምቅና ድፎ ዳቦ ስትጋግር አይቷል። ሲያድግም የአባቱን ቦታ ወርሶ ከማኅበርተኞቹ ጋር ተቀምጧል። እርሻው ሲከብደው በወንፈልና በደቦ ተረድቷል፤ ሐዘን ሲደርስበት እድሩ ደርሶለታል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን የምናውቀውን ሀብት በወንጌል ብርሃን መርምረን፣ በቁምስናችን የምናቋቁመው ትንሽ የክርስቲያን ማኅበር እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚተዳደር ማሰብ ነው።

ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይም ነው። የምሥራቅ አፍሪቃ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በናይሮቢ ባደረጉት ጉባኤ ትናንሽ የክርስቲያን ማኅበራትን መመሥረትን ቀዳሚ ሐዋርያዊ ተግባር አድርገው ተቀብለዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ስለ አፍሪቃ ቤተ ክርስቲያን ባወጡት ሐዋርያዊ ቃል፣ ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ቤተሰብ መሆኗንና ይህም ቤተሰብ በትናንሽ ሕያዋን ማኅበራት እንደሚታነጽ አስተምረዋል።

1. የመጀመሪያው ማኅበርና የመጀመሪያው ቅሬታ

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 የኢየሩሳሌምን ምእመናን ሕይወት ሲገልጥ አራት ነገሮችን ያስቀድማል፤ እነርሱም የሐዋርያት ትምህርት፣ ኅብረት፣ እንጀራ መቁረስና ጸሎት ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ አንብበን እዚያው እንቆማለን። ለማኅበር መሪ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ምዕራፍ 6 ነው። በዚያ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለታዊው የምግብ እደላ ችላ ተባሉ ብለው አጉረመረሙ። እንግዲህ ሐዋርያት ራሳቸው በመሩት ማኅበር ውስጥ እንኳ የእደላ ቅሬታ ተነሥቷል።

ሐዋርያት ያደረጉትን በጥንቃቄ እንመልከት። አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ነገሩንም አልሸሸጉም። ምእመናኑን ሁሉ ሰበሰቡ፤ ለራሳቸው ጸሎትንና ቃሉን ማገልገልን ጠብቀው፣ እደላውን ለሌሎች ሰጡ፤ ምርጫውንም ለሕዝቡ ተዉ። የተመረጡት ሰባቱ፣ እነ እስጢፋኖስና ፊልጶስ፣ ሁሉም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ሕዝቡ እደላውን ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ለሚመስሉት ሰዎች አደራ ሰጠ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ቅሬታ ያለው ሰው የማኅበሩ ጠላት እንዳልሆነና አንዳንድ ጊዜም ለሥራው ከሁሉ የተሻለ ሰው እርሱ እንደሆነ ነው።

2. ከሀገራችን ታሪክ

ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ ገቡ። በዚያን ጊዜ ስሜንንና ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ቅዱሱ ጥቂት ሰዎችን በቤታቸው እየሰበሰቡ፣ ቋንቋቸውን እየተማሩና በግእዝ ሥርዓት እየጸለዩ ማኅበራቸውን ጀመሩ። ቆይተውም በጓላ የካህናት ማሠልጠኛ ከፈቱ። ከእርሳቸው ጋር የተጓዙት የጎጃሙ መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በ1851 ዓ.ም. የክህነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1855 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ዐረፉ። ቅዱሱም ታስረው ከሀገር ተባረዋል። ማኅበሩ ግን የሀገሩን ልጆች አስተምሮና ክህነት አሰጥቶ ስለ ነበር ከመሪው መታሰርና መሰደድ በኋላም አልጠፋም። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ማኅበር ያ ሰው በታመመ ወይም በሄደ ቀን ይወድቃል፤ ስለዚህ ተተኪን ማሳደግ ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር ሥራ ነው።

3. አተካከሉ

ማኅበር ሲተከል ሦስት ነገሮች ይወሰኑ። አንደኛው ቁጥሩ ነው። የጽዋ ማኅበር ብዙ ጊዜ ከዐሥራ ሁለት ሰው ብዙም የማይርቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባላቱ በአንድ ቤት ለመቀመጥና የቀረውን ሰው ለይቶ ለማወቅ ይችላሉ። ሲበዙ ለሁለት ይከፈሉ። ሁለተኛው ጊዜና ቦታው ነው። በደጋው ክረምት ጉሙ ሲወርድና መንገዱ ሲጨቀይ፣ አሮጊቷ እናት ሄዳ ሳይመሽባት ልትመለስ የምትችልበት ቤትና ሰዓት ይመረጥ። ሦስተኛው የድግሱ ልክ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 11 የገሠጸው፣ ያለው እየበላ የሌለው የሚያፍርበትን ማእድ ነው። በእኛም ዘንድ አንዱ አባል ዳቦና ጠላ፣ ቀጣዩ ወጥ፣ ሦስተኛው በግ ካቀረበ፣ አራተኛው ተረኛ ድኻ ከሆነ ተበድሮ ይደግሳል፤ አለዚያም ምክንያት ፈጥሮ ይቀራል። የቀረውም እምነቱ ደክሞ ሳይሆን ማእዱ ከብዶት ነው። ስለዚህ የድግሱ ልክ በድኻው አቅም ይወሰን፤ ባለጸጋውም ከዚያ እንዳያልፍ ይከልከል።

4. አስተዳደሩ

የጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ እድር ደግሞ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የቁምስናው ማኅበርም ሥራውን እንዲሁ ይከፋፈል። ቃሉን የሚያነብ፣ ሕሙማንን የሚጠይቅ፣ መዋጮ የሚይዝና የሚመዘግብ የተለያየ ሰው ይሁን። ገንዘብ የሚይዘውና ወጪ የሚያዘው አንድ ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ሐሜት አይቀርለትም። ሒሳብ በየስብሰባው በጉልህ ይነበብ። የሚነበበው ሰባ ብር ብቻ ቢሆንም ይነበብ።

ጠብ ሲነሣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ያስተማረውን ቅደም ተከተል እንጠብቅ። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻቸውን ይነጋገሩ፤ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨመር፤ በመጨረሻ ለማኅበሩ ይነገር። የብዙ ማኅበራት ጥፋት ይህን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ይመጣል፤ ነገሩ አስቀድሞ በገበያ ይወራል፣ ባለቤቱ ግን መጨረሻ ይሰማዋል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ አባል ቢኖርም መቀጫ ከመጠየቁ በፊት በቤቱ ይጠየቅ።

5. እንግዳውን ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ማኅበራችን ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ከጊጭ መንደር 418 አባወራዎች የስሜን ፓርክን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በደባርቅና በዳባት ተጠልለዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል። ወደ አካባቢው የመጣው እንግዳ ከእኛ ጋር አንድ እምነት ያለውም የሌለውም፣ አንድ ቋንቋ የሚናገረውም የማይናገረውም ነው።

መዋጮ የሌለው፣ ተራ ሲደርሰው የሚደግስበት ቤት የሌለው ሰው በማኅበራችን ምን ቦታ አለው? ደንባችን ለከፋይ ብቻ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከማኅበሩ መዋጮ ጥቂቱ በስም ላልተመዘገበ ሐዘንተኛ ይቀመጥ። ተረኛው ቤት ከሌለው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በሌላው ቤት ያስተናግድ፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መፍለጡም እንደ መዋጮ ይቈጠርለት። ከስደተኞቹም መካከል በግእዝ ሥርዓት የሚጸልይ ካቶሊካዊ ቢገኝ፣ ንባቡ እንዲያነብ ይጋበዝ። ካቶሊካውያን በዚህ አገር በቁጥር ጥቂቶች ነን፤ የባሕር ዳር - ደሴ ሀገረ ስብከታችንም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ነው። ጥቂት መሆናችን ግን እንደ አጥር እንዳይዘጋን እንጠንቀቅ። ከኦርቶዶክሳውያንና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ እድር ለቀብር የምንወጣ ነንና ማኅበራችን ከጎረቤት የሚለየን መሆን የለበትም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በማኅበራችን ባለፈው ዓመት መምጣት ያቆመ ማን ነው? ምክንያቱን ከራሱ አንደበት ሰምተናልን?
ለ. የድግሳችንን ልክ የሚወስነው ማን ነው? ድኻው አባል ሐሳቡን ተጠይቋልን?
ሐ. ዛሬ ሙሴው ወይም መሪው ቢለየን ማኅበሩን ማን ይቀጥላል?
መ. በመንደራችን ከሚኖሩት ተፈናቃዮች አንዱን ቤተሰብ በስም እናውቃለንን?

መምህራን ሆይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ቀን አትጨርሷቸው። በየስብሰባው አንዱን ብቻ አንሡ፤ በመጀመሪያም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስነብቡ፤ ከዚያም ዝምተኞቹ አስቀድመው እንዲናገሩ ዕድል ስጡ። የመበለቶቹ ቅሬታ የተሰማው የሚሰማ ጆሮ ስለ ነበረ ነውና፣ ያንኑ ጆሮ እግዚአብሔር ለእኛም ይስጠን። አሜን።