አንድ መርፌ ለአንድ ሰው

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ሰው አካል ይማራሉ። ደም ምን እንደሆነ፣ ምራቅ ምን እንደሚሠራ ይማራሉ። ይህ መልካም ነው። አንዳንድ መምህር ግን የተማሪዎቹን ጣት ወጋ አድርጎ የደማቸውን ዓይነት ያሳያል። እዚህ ላይ እኛ ወላጆች አንድ ነገር እንጠይቅ። ለስንት ልጅ ስንት መርፌ ተዘጋጅቷል?

የሰው ደም በ4 ይከፈላል። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ይባላል። ደም በዓይነት እንደሚለያይ በ1901 እ.ኤ.አ. ጽፎ ያሳወቀው ካርል ላንድስታይነር የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም ነው። የደም ጠብታ ላይ መለያው ፈሳሽ ሲጨመር ደሙ ወይ ይጓጉላል፣ ወይ እንዳለ ይቆያል። ዓይነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ደም ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን በዓይን የማይታይ የበሽታ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል። ጉበት የሚጎዳው የሄፓታይተስ ቢ ተሐዋሲ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ኤች አይ ቪም በደም ይተላለፋል። በሽታው ያለበት ሰው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ጤነኛ መስሎ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይማራል። ስለዚህ አንዱን የወጋ መርፌ ሌላውን መውጋት የለበትም። በጨርቅ ጠረግ ወይም በክብሪት ለብለብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም።

የቤታችን ምላጭስ? ለፀጉር፣ ለጥፍር፣ ለግርዛት እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ልጃችን ይህን ተምሮ መጥቶ ቢነግረን አንቆጣው።

ደም ሳይነካም ትምህርቱ ይሰጣል። ወተት ላይ ሎሚ ሲጨመር እንደሚቆራረጥ ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ በዚያ ስለ ደም መጓጎል ሊያስረዳ ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ለማየትም የግድ የሰው አፍ አይፋቅም፤ የቀይ ሽንኩርት ስስ ሽፋን ይበቃል። ሽንኩርት ደግሞ ከጓሮ ይገኛል፣ በሽታም አያጋባም።

ደም የሚወሰድ ከሆነ ወላጅ አስቀድሞ ይነገረው፤ እምቢ ያለ ልጅም አይገደድ። መምህሩ ጓንት ያጥልቅ። ጠረጴዛ ላይ ደም ከፈሰሰ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጥና ይፍሰስበት፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይጠረግ። የተሠራበት መርፌ በወፍራም ቆርቆሮ ተከድኖ ለጤና ጣቢያ ይሰጥ። ሜዳ ላይ ከተጣለ በባዶ እግሩ የሚሄደውን እረኛ ይወጋዋል።