ቲኬቱን ማን ይቁረጥልን? ወኪሉ ወይስ እኛው?

እንደሚታወቀው ቀደም ባለው ጊዜ በአውሮፕላን ለመሄድ ያሰበ ሰው ወይ ወደ አየር መንገዱ ቲኬት ቢሮ፣ አለበለዚያም በተለምዶ ትራቭል ኤጀንት ወደምንለው የጉዞ ወኪል መሄድ ነበረበት። ዛሬ ግን አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ በስልኩ ቲኬት የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ታዲያ የትኛው ይሻላል? ይህን ጥያቄ በክፍላችን ልጆች መካከል ብታነሱት ክርክሩ ወዲያው ወደ ዋጋ ይሄዳል። «ኤጀንቱ ትርፍ ይጨምራል»፣ «ኢንተርኔት ላይ ይረክሳል» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ የሚል ነው፤ እሱም ነገር ሲበላሽ ቲኬቱን ማስተካከል የሚችለው ማን ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ወኪሉ እንጀራው ከየት እንደሆነ እንይ። ለረጅም ዘመን የጉዞ ወኪል ዋና ገቢ ከመንገደኛው ሳይሆን ከአየር መንገዱ የሚመጣ ኮሚሽን ነበር። መንገደኛውም አገልግሎቱን በነጻ ያገኘ ይመስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ቲኬት ከ50 ዶላር በላይ ኮሚሽን አልከፍልም አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በ2002 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ውስጥ መደበኛውን ኮሚሽን ጭራሽ አቆመው። በመሃሉ፣ በ1996 ማይክሮሶፍት ኤክስፒዲያን ጀምሮ ሰው ከቤቱ ሆኖ ዋጋ ማወዳደር ለምዷል። ከጁን 1 ቀን 2008 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ለወኪሎች የወረቀት ቲኬት ማደሉን ሲያቆም ወኪሉ ወረቀት ሻጭ መሆኑ አበቃ። አሁን የሚሸጠው ዕውቀቱንና ድካሙን ነው። የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ይህ ዕውቀት እኛ አገር ዋጋ አለው ወይ? አለው እንጂ። ከስም እንጀምር። ፈረንጆች ያዘጋጁት ቅጽ የራስንና የቤተሰብን ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። በመጨረሻው ሳጥን አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። ለእኛ ያቺው ፀሐይ ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ደንቡ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፍ ነው። ደህና ወኪል ገና ሳትቀመጡ «ፓስፖርት ይዛችኋል?» ይላል። ድረ ገጹ ግን የጻፋችሁለትን ተቀብሎ ገንዘቡን መውሰድ ነው። ቲኬት ለሌላ ሰው የማይተላለፍ ስለሆነ በኋላ ስም ላስተካክል ማለት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ከስሙ የሚብሰው ሰዓቱ ነው። ቲኬት ላይ የሚታተመው ሰዓትም ቀኑም የፈረንጅ ነው። 02:00 የሚለውን አይቶ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ የተኛን ሰው አውሮፕላኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥሎት ይሄዳል። የበለጠ የሚያሳስተው ደግሞ እኩለ ሌሊት አካባቢ ያለው በረራ ነው። ቲኬቱ ጁላይ 15፣ 00:30 ይላል እንበል። በእኛ ልማድ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ይህ በረራ ለእኛ የ14 ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ በ14 ማታ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ነው ማለት ነው። በ15 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖታል። ልምድ ያለው ወኪል ይህን ያውቃል። ለእናቶች ቲኬት ሲያትም ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ይገኙ» ብሎ በአማርኛ ይጽፍላቸዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ የአገልግሎት ክፍያው ለዚህች አንዲት መስመር ቢሆን እንኳ አይቆጭም።

የመሸጋገሪያ ቪዛም አለ። የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጾች የሚጠይቁት ከየት ወዴት፣ መቼ፣ ስንት ሰው ብለው ነው፤ የየት አገር ፓስፖርት እንደያዝን ሳያውቁ ርካሹን መስመር ከላይ ይደረድሩልናል። ኢትዮጵያ ግን የሸንገን አገሮች የአውሮፕላን ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ ከሚጠይቋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ከማረፊያው ሳይወጡ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመለወጥ ብቻ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋል ማለት ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ወደ ብራዚል የሚሄደው ግን በዚሁ ምክንያት ሻንጣ መመዘኛው ጋ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዱ ርካሽ ጉዞ ደግሞ የሁለት ኩባንያዎች ሁለት የተለያየ ቲኬት ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፣ ሻንጣም ተቀብሎ እንደገና ማስመዝገብ ሊመጣ ነው። ሻንጣውን ለመቀበል ደግሞ የመግቢያ ቪዛ!

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው ለወኪሎች ጥብቅና የቆምኩ ሊመስለው ይችላል። ኧረ አይደለም። አማርኛችን «ቦታ መያዝ» እና «ቲኬት መቁረጥ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል፤ አንዳንድ ቢሮ ግን ይቀላቅላቸዋል። ወኪል ምንም ሳይከፈለው ለተወሰነ ጊዜ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይወጣለታል፣ ወረቀቱም ሲታተም ቲኬት ነው የሚመስለው። የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ግን ቦታው ራሱ ይሰረዛል። ተቆረጠ የሚባለው 13 አኃዝ ያለው የቲኬት ቁጥር ሲወጣ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። አንዲት ጎረቤታችን ወደ ዱባይ ለመሄድ ሙሉውን ብር ከፍላ የተሰጣት ወረቀት ላይ የነበረው ባለስድስቱ ኮድ ብቻ ነበር። ቦሌ ስትደርስ ስሟ የለም። ቢሮው ብሩን ከብዙ ምልልስ በኋላ መለሰላት፤ እስከዚያ ግን የቪዛዋ ጊዜ አልፎ ነበር። ስለዚህ ብር ከፍሎ ከቢሮው ከመውጣት በፊት «13ቱ ቁጥር የቱ ጋ ነው?» ማለት ነውር የለውም። እዚያው ቆሞ የተያዘውን ኮድ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየትም ይቻላል።

ወደ ኢንተርኔቱ ስንመጣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። «እኔ ራሴ ነኝ የገዛሁት» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ የገዙት ከወኪል ነው፤ ለዚያውም በር ከሌለው ወኪል። ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ መግዛትና በማወዳደሪያ በኩል አልፎ ከሦስተኛ ኩባንያ መግዛት አንድ አይደለም። ልዩነቱ በ2020 በኮሮና ጊዜ በደንብ ታየ። በረራው ተሰርዞበት ገንዘቤን መልሱ ያለውን ሰው አየር መንገዱ «ከገዛህበት ጠይቅ» ይለዋል፣ ድረ ገጹ ደግሞ «አየር መንገዱ ገና አልመለሰልንም» ይለዋል። ሕጉም ይለያያል። በአሜሪካ ደንብ በረራው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው በቀጥታ ከአየር መንገድ ቲኬት የገዛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰርዛል፤ ወይም አየር መንገዱ ዋጋውን ሳያስከፍል ለ24 ሰዓት ይይዝለታል። ይህ ግዴታ አየር መንገዶችን እንጂ ወኪሎችን አይመለከትም። ከዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ቲኬት የሚገዛ ወገናችን ይህን ልብ ይበል።

ትልቅ ስምም ብቻውን አያድንም። የቶማስ ኩክ ስም ጉዞን ከማደራጀት ጋር የተያያዘው ከ1841 ጀምሮ ነው፤ ኩባንያው በሴፕቴምበር 2019 ሲከስር የእንግሊዝ መንግሥት ከ140 ሺህ በላይ ሰው ከየአገሩ ሰብስቦ መመለስ ነበረበት።

የአከፋፈሉ ነገር ለእኛ ለብቻው መታየት አለበት። የውጭ ድረ ገጾች የሚጠይቁት በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ተማሪ ኪስ ውስጥ የለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን ለአገር ውስጥ በረራ ነገሩ ቀሏል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ደርሶ ለመመለስ መሸጋገሪያ የለ፣ ቪዛ የለ፣ በብር ይከፈላል። ለዚህ ወኪል ቤት ሄዶ ወረፋ መያዝ ትርፉ ድካም ነው፤ ከአየር መንገዱ ከራሱ በስልክ መግዛት ይበቃል። ወደ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ቋንቋ ለማይችሉ እናትና አባት ግን፣ እኔ ብሆን በታክሲ ሄጄ በሩን የማንኳኳው ቢሮ እመርጣለሁ።

በነገራችን ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የቲኬት ማስታወቂያ ላይ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» የሚል ሲኖር «ጀምሮ» የምትለዋ ቃል በትንሹ ነው የምትጻፈው። ዜና ብለን ስንገለብጠው ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ዋጋውን የሚጽፍ ሰው ሻንጣ ይጨምራል አይጨምርም፣ ቢሰረዝ ይመለሳል አይመለስም ብሎ አብሮ መጻፍ አለበት። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቲኬት ሁሉ የራሱ የዋጋ ደንብ አለው፤ ለውጥ ስንት እንደሚያስቀጣ፣ ሳይሄዱ ቢቀሩ ምን እንደሚሆን እዚያ ላይ ተጽፏል። ድረ ገጹ ላይ «እስማማለሁ» የምትለዋን ሳጥን ከመንካት በፊት መክፈት ነው። ወኪሉም በኮምፒዩተሩ ላይ ያየዋል፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊት «እስቲ ያንብቡልኝ» በሉት።