ድኩላ ጓሮ ሲገባ፦ ለጌዴኦ አርሶ አደርና ለዲላ ነዋሪ የቀረበ ማሳሰቢያ

ጌዴኦ ውስጥ ጫካና ማሳ በአጥር አይለዩም። ከላይ ዋንዛው፣ ከሥሩ እንሰቱና ቡናው ተደራርበው የሚበቅሉበት ይህ መልክዓ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹና ከነተከበሩ ደኖቹ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድኩላና ሚዳቋም ድንበር ስለማያውቁ ጓሮ ድረስ ይዘልቃሉ። «ማሳዬ ከገባ የእኔ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል።

• ያለ ፈቃድ አይደኑ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ይህን ከልክሏል። «ሥጋው ለቤት ቀለብ ነው» ማለት ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ቆዳና ቀንድ ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥም ያው ነው።

• ወጥመድ አያጥምዱ። ለድኩላ የታሰረ የፍሬን ሽቦ የጎረቤትን ጥጃም ሆነ በማለዳ ቡና ለቀማ የወጣን ልጅ እግር አይመርጥም። መርዝ ደግሞ ይብሳል፤ የተመረዘውን ሥጋ ጅቡም ውሻውም ይበላዋል፣ ከጥንቡ የቀመሰ አሞራም ይሞታል።

• ከርከሮ እንሰት ሲቆፍር ዝም ብለው ይዩ የሚል የለም። የዓመታት ልፋት በአንድ ሌሊት ሲገለበጥ ያንገበግባል። ሆኖም ጎረቤት ተራ ገብቶ ማሳ መጠበቅ፣ እሳት ማንደድ፣ ቆርቆሮ መምታትና አጥሩን በእሾህ ማጠር ሊቀድም ይገባል። ጉዳቱ ከበረታ ለቀበሌ አመልክተው ለወረዳው እንዲደርስ ያድርጉ። ጦር ይዞ ለብቻ ጫካ መግባት ለራስም አያዋጣም፤ የቆሰለ ወንድ ድኩላ ቀንዱን አዙሮ ይመጣል።

• ሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ ግልገል ቢያገኙ አያንሱት። እናቱ አልጣለችውም፤ ሸሽጋው ልትግጥ ሄዳ ነው። ይህን ለልጆች ደጋግመው ይንገሩ፤ ግልገሉን ቤት የሚያመጡት አዝነውለት ነውና።

• ሽማግሌዎች ያከበሩት ደን ውስጥ አዳኝ ውሻ ይዘው አይግቡ። በእኔ አመለካከት እንዲህ ያለውን ደን እስካሁን ያቆየው ከጥበቃ ሠራተኛ ይልቅ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ የሶንጎ ቃል ነው።

• ረጅም ቀንድ ግድግዳ ላይ መስቀል ለሚወድ፣ በተለይም አሜሪካ ነጭ ጅራት አጋዘን ማደን ለምዶ ለመጣ ዘመድ፦ የዚያ አጋዘን ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል፣ የእኛዎቹ ግን አንዴ ካበቀሉት ቀንድ ጋር ነው ዕድሜያቸውን የሚፈጁት። ሕጋዊው መንገድ ባሌና አርሲ ደጋ ላይ በኮታ የሚሠራባቸው የአደን ቀበሌዎች ናቸው። እዚያም ቢሆን ጥሩ አዳኝ መጀመሪያ ላየው ቀንድ አይተኩስም። የቀንዱ ጫፍ በዕድሜ የዶለዶመ፣ ዘሩን አስቀድሞ የተካ ሽማግሌ ወንድ እስኪያገኝ ይታገሣል። ጎረምሳውን መግደል የመጪውን ዓመት ግልገል መግደል ነው።

• ገበያ ላይ ቀንድ ወይም ቆዳ ይዞ «በርካሽ ልስጥህ» የሚል ቢያጋጥምዎ አይግዙ። ለፖሊስ ይጠቁሙ።